የዘረመል ለውጥ፦ ጠንቅ ነው ወይስ መከታ?

ከጥቂት ጊዜ በፊት በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላማ ክፍል በምትገኝ አንዲት ከተማ ስለ ወባ ምርመራ ለጤና ባለሙያዎች ገለጻ በማደርግበት ወቅት፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ነርስ እጃቸውን አነሡ። በሚሠሩበት ጤና ጣቢያ ትኩሳት ይዞት የመጣ የሰባት ዓመት ልጅ በፈጣን መመርመሪያው ወባ የለበትም ተብሎ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ፣ በሦስተኛው ቀን ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሲደርስ ግን ደሙ በማይክሮስኮፕ ታይቶ በፋልሲፓረም ተሞልቶ እንደተገኘ ነገሩን። ልጁ ተርፏል። «ጥገኛው ሚውቴሽን አድርጎ ነው ተባልን» አሉ ሲስተር፤ «እኛ ሚውቴሽን ሲባል የምናውቀው በሽታ የሚያመጣ ጉድለት መሆኑን ነው። ጉድለት ጥገኛውን እንዴት ሊጠቅመው ቻለ?»

በዕለቱ የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። ጥያቄው ግን የብዙዎቻችን ነው። በትምህርት ቤት ሚውቴሽንን የተማርነው በአመዛኙ ከበሽታ ስሞች ጋር አያይዘን ስለሆነ፣ ቃሉን በሰማን ቁጥር ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሕመም ነው። ይህ አስተሳሰብ በየዕለቱ በምናዝዘው መድኃኒትና በምናነበው የምርመራ ውጤት ላይ ስሕተት ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ በታች በሚቀርቡት ምሳሌዎች ለማሳየት እሞክራለሁ።

ለውጡ እንዴት ይፈጠራል?

እንደሚታወቀው የዘር መረጃችን በዲ ኤን ኤ ላይ በአራት ኬሚካዊ ፊደላት የተጻፈ ነው። ከአንድ ወላጅ የምንወርሰው ቅጂ ብቻ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ይህ ሁሉ ይገለበጣል። የብራና መጻሕፍትን ሲገለብጥ የኖረ ቁም ጸሐፊ ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን አልፎ አልፎ ፊደል እንደሚገድፍ፣ መስመር እንደሚዘል ወይም አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እንደሚጽፍ ሁሉ፣ የዲ ኤን ኤ ግልበጣም ከስሕተት የጸዳ አይደለም። የተሳሳተውን የሚያርሙ ኢንዛይሞች ቢኖሩም ጥቂቱ ያመልጣቸዋል፤ ጨረርና አንዳንድ ኬሚካሎችም የበኩላቸውን ይጨምራሉ። ሚውቴሽን ወይም የዘረመል ለውጥ የምንለው ይህንኑ የፊደል መለወጥ፣ መጉደል፣ መደገም ወይም ቦታ መቀየር ነው።

አንድ ሕፃን በወላጆቹ ዘንድ ያልነበሩ ከ60 እስከ 70 የሚደርሱ አዳዲስ ለውጦችን ይዞ ይወለዳል። ከእነዚህ የሚበዙት ከአባት ወገን የሚመጡ ሲሆን፣ የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ይታከላሉ። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የሚያነበውም ሆነ የጻፈው ሰው ባለ ሚውቴሽን ነው። ይሁንና ከዲ ኤን ኤያችን ውስጥ በቀጥታ ለፕሮቲን መሥሪያነት የሚያገለግለው ክፍል ከመቶ 2 እጅ እንኳ ስለማይሞላ፣ አብዛኞቹ ለውጦች ጉዳትም ጥቅምም ሳያሳዩ ይኖራሉ። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሞቱ ኪሙራ እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን መሰል ሐሳብ ሲያቀርቡ ብርቱ ክርክር አስነሥተው ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ለውጥ ድምፅ አልባ ስለመሆኑ ብዙም የሚከራከር የለም።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ነገር ለውጡ በፍላጎት የሚመጣ አለመሆኑ ነው። ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት ጥናት፣ ባክቴሪያዎች ቫይረስን የሚቋቋሙበት ለውጥ ከቫይረሱ ጋር ከመገናኘታቸው በፊት በአጋጣሚ የተፈጠረ መሆኑን አስረድተዋል። ቫይረሱ ያደረገው ያልተለወጡትን ገድሎ የተለወጡትን ማስቀረት ብቻ ነው። በዚህ ረገድ በቋንቋችን የገባው «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የሚለው አጠራር ትንሽ ያሳስታል። ባሲለሱ መድኃኒቱን እንደ በርበሬ ቀስ በቀስ አይለምደውም። ኢሶናያዚድን የሚቋቋም ባሲለስ ከአንድ ሚሊዮን አንድ፣ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ከመቶ ሚሊዮን አንድ ያህል በአጋጣሚ ይገኛል። በአንድ የሳንባ ዋሻ ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ባሲለሶች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ በአንድ መድኃኒት ብቻ ብናክም የሚተርፈው አስቀድሞ በቦታው አለ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ግን ከመቶ ትሪሊዮን አንድ ስለሆነ በታማሚው ሳንባ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። መድኃኒቶችን አጣምረን የምንሰጥበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ማጭድ መሰሉ ሕዋስ

አንድ ለውጥ በአንድ ጊዜ ገዳይም አዳኝም ሊሆን እንደሚችል ከሲክል ሴል በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። በሽታው በሕክምና ጽሑፍ ላይ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1910 በቺካጎው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ ነው። ላይነስ ፖውሊንግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1949 ችግሩ ያለው ሄሞግሎቢኑ ላይ መሆኑን አረጋገጡ። ቬርኖን ኢንግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ልዩነቱ በቤታ ሰንሰለት ላይ በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ፣ ይኸውም በግሉታሚክ አሲድ ቦታ ቫሊን በመግባቱ መሆኑን አሳዩ። በአንዲት ፊደል ስሕተት ምክንያት ቀዩ የደም ሕዋስ ኦክስጅን ሲያጣ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

እንዲህ ያለ ጎጂ ለውጥ በትውልድ ብዛት መጥፋት ሲገባው፣ በአንዳንድ የአፍሪካ አካባቢዎች ከአምስት ሰዎች በአንዱ ላይ የሚገኘው ስለ ምንድን ነው? መልሱን እ.ኤ.አ. በ1954 የሰጡት በምሥራቅ አፍሪካ ጥናት ያካሄዱት ሐኪም አንተኒ አሊሰን ናቸው። ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱ ልጆች በወባ እምብዛም እንደማይጎዱ ተገነዘቡ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳረጋገጡት፣ አንድ ቅጂ ብቻ የያዘ ልጅ በፋልሲፓረም ወባ ለከፋ ሕመም የመጋለጥ ዕድሉ በ90 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ ወላጆች ተሸካሚዎች ቢሆኑ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል በሽተኛ ልጅ ይወለዳል፤ ከአራት ሁለት ዕድል ደግሞ ከወባ የተከለለ ልጅ ይወለዳል፤ ቀሪው ያለ ለውጡም ያለ ከለላውም ይወለዳል። ወባ በበረታበት አገር የተከለሉት ሁለቱ ለአካለ መጠን ደርሰው ስለሚወልዱ ለውጡ ይዘልቃል። የአንዱ ልጅ ሥቃይ የሌሎቹ ልጆች መትረፊያ ዋጋ ሆነ ማለት ነው። ይህን ለበሽተኛው ልጅ እናት እንደ ማጽናኛ መንገር ግን ተገቢ አይመስለኝም።

አካባቢው ሲለወጥ ሒሳቡም ይለወጣል። የአሜሪካ ምድር እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ከወባ ነጻ ሆኗል፤ ከጥቁር አሜሪካውያን ግን ከ13ቱ አንዱ ያህል ዛሬም ተሸካሚ ነው። እዚያ ለውጡ የሚከፈለው ዋጋ ሲቀር የሚሰጠው ጥቅም ቀርቷል። በአገራችንም የወባ ትንኝ በማይራባበት ደጋ ሲክል ሴል ብርቅ ነው። ይህም አንዳንዶቻችንን «ኢትዮጵያ ውስጥ የለም» ወደሚል ድምዳሜ አድርሶናል። በምዕራብ ቆላማ አካባቢዎች በምንሠራበት ጊዜ፣ እንዲሁም ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የመጡ ቤተሰቦችን ስናክም፣ ተደጋጋሚ የአጥንት ሕመምና የደም ማነስ ያለበትን ልጅ ሁሉ የወባ ወይም የቁርጥማት ሕመምተኛ አድርገን ማለፍ አይገባንም።

ይህን ስል ሁሉም ለውጥ እንደ አካባቢው ይገለባበጣል ማለቴ አይደለም። በሕፃናት ዓይን ላይ ካንሰር የሚያስከትለው የሬቲኖብላስቶማ ዘረመል ጉድለት ደጋም ሆነ ቆላ፣ ድሃም ሆነ ባለጸጋ አገር ቢሆን ጠንቅ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ፒ ሲ ኤስ ኬ 9 የሚባለው ዘረመል የተበላሸባቸው ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ታትሞ በወጣ ጥናት፣ ይህ ብልሽት ያለባቸው ጥቁር አሜሪካውያን ጎጂው ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ ዝቅ ብሎ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸውም በ88 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ዘረመል ተበላሸ ሲባል ሰውየው ተጎዳ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ተመራማሪዎች ይህንኑ ብልሽት በመድኃኒት መልክ ለመኮረጅ ተነሥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች ተፈቀዱ።

ከቫይቫክስ ጋር የተያያዙ ሁለት ለውጦች

በአገራችን ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ሁለተኛው የወባ መንሥኤ ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ግን ቫይቫክስ እጅግ ብርቅ ነው። ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳሳዩት፣ ይህ ጥገኛ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው በሕዋሱ ላይ ያለውን ደፊ የተባለ ፕሮቲን እንደ በር ተጠቅሞ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ከመቶ 95 በላይ የሚሆነው ይህ በር በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ የለውም። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ተደርሶበታል፤ በዘረመሉ መግቢያ ላይ ያለች አንዲት ፊደል በመለወጧ፣ ፕሮቲኑ በሌሎች አካላት ውስጥ እንደ ወትሮው ሲመረት በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ብቻ መመረቱ ይቆማል። ከዚህ የተነሣ ባለቤቱ ይህ ነው የሚባል ሕመም አይታይበትም።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ልዩ ቦታ አላት። ደፊ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚኖሩ ቫይቫክስ በየጊዜው ከሁለቱም ጋር ይገናኛል። «ደፊ የሌለው ሰው በቫይቫክስ አይያዝም» የሚለው ሕግ ለረጅም ዘመን እንደ ቋሚ ሲቆጠር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከማዳጋስካር፣ ከዚያም ከኢትዮጵያ የወጡ ጥናቶች ደፊ በሌላቸው ሰዎችም ደም ውስጥ ጥገኛው እንደሚገኝ አሳይተዋል። በእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ የሚታየው የጥገኛው ብዛት ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ስለሆነ በምርመራ የማምለጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። የሰው ለውጥ የዘጋውን በር የጥገኛው ለውጥ በሌላ በኩል እየቆፈረው ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጂ-6-ፒ-ዲ ኢንዛይም እጥረት ነው። በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ እጥረት እንዳለባቸው ይገመታል። ካርታው ከጥንታዊው የወባ ካርታ ጋር የሚገጣጠም በመሆኑ፣ እጥረቱ ከወባ እንደሚከላከል ከታመነበት ቆይቷል። አብዛኛው ባለቤት ዕድሜ ልኩን ምንም ሳይታወቀው ይኖራል። በሜዲትራኒያን ዙሪያ በሚገኘው ከባድ ዓይነት የተያዙት ባቄላ ሲበሉ ደማቸው ይፈራርሳል፤ የባቄላ ሽሮና ፉል በሚበላበት አገራችን ይህ ጎልቶ አለመታየቱ በእኛ ዘንድ ያለው እጥረት አነስተኛና ቀለል ያለ ከመሆኑ ጋር ይስማማል። በምዕራብ ቆላማ አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በጋምቤላ፣ ግን ከሌላው ከፍ ብሎ ይገኛል።

ጸጥ ብሎ የኖረው ይህ ለውጥ ጠንቅ የሚሆነው እኛ ፕሪማኩዊን በሰጠን ቀን ነው። እጥረቱ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1956 በዚሁ መድኃኒት የታመሙ ሰዎች ሲጠኑ ነው። በጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን ቫይቫክስ ለማጥፋት ለ14 ቀናት የሚሰጠው ፕሪማኩዊን፣ ኢንዛይሙ በጎደለበት ሰው ላይ የቀይ ደም ሕዋሳትን ሊያፈራርስ ይችላል። ዘረመሉ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በወንዶች ላይ ነው፤ ይሁንና ሴቶችን ነጻ አያደርግም። ምርመራው ካለ ማድረግ፣ ከሌለ ደግሞ ታማሚው ሽንቱ ኮካ ኮላ ከመሰለ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ድካም ከበረታበት መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው እንዲመለስ በሚገባው ቋንቋ መንገር ያስፈልጋል። ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እጥረቱ ለታወቀበት ሰው የዓለም ጤና ድርጅት የሚያመለክተው በሳምንት አንድ ጊዜ ለ8 ሳምንታት በቅርብ ክትትል የሚሰጠውን ሥርዓት ነው። የፋልሲፓረምን መተላለፍ ለመግታት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው ዝቅተኛ መጠን፣ ማለትም በኪሎ 0.25 ሚሊግራም፣ ያለ ምርመራ ሊሰጥ የሚችል ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

የተደገመ ዘረመል

ስለ ኢትዮጵያውያን ከተደረጉት የዘረመል ጥናቶች ሁሉ ለሐኪም እጅግ ጠቃሚው የሚመስለኝ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የእሌኒ አክሊሉና የባልደረቦቻቸው ሥራ ነው። በጉበት ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን የሚያጣራው ሲ ዋይ ፒ 2 ዲ 6 የተባለ ኢንዛይም ዘረመል፣ ከተጠኑት ኢትዮጵያውያን በ29 በመቶው ላይ ተደግሞ ወይም ተደጋግሞ ተገኘ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ መጠን ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች የሚሰነዝሩት መላ ምት፣ በጥንት ዘመን መርዛማ ቅጠላ ቅጠልንም ለመብላት የተገደደ ሕዝብ መርዙን ቶሎ የሚያጠራ ጉበት ጠቅሞት ይሆናል የሚል ነው።

በዛሬው ፋርማሲ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮዴይን በራሱ ደካማ ሲሆን፣ ሕመም የሚያስታግሰው ይኸው ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። ኢንዛይሙ የበዛበት ሰው ከተለመደው መጠን ብዙ ሞርፊን በአጭር ጊዜ ያመርታል። ቶንሲላቸው ከወጣ በኋላ ኮዴይን በተሰጣቸው ሕፃናት ላይ የደረሰው ሞት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንዲያወጣ፣ በ2017 ደግሞ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ፈጽሞ እንዳይሰጥ እንዲከለክልና አጥቢ እናቶችም እንዳይወስዱት እንዲመክር አድርጎታል። ትራማዶልም ከዚህ ማስጠንቀቂያ አላመለጠም። ከሦስት ሰዎች ወደ አንድ የሚጠጋው ይህን ለውጥ ሊይዝ በሚችልበት ሕዝብ መካከል የምንሠራ ባለሙያዎች ለሕፃን ሳል ኮዴይን ያለበትን ሽሮፕ ስናዝዝ ማየት የሚያሳስብ ነው። በተቃራኒው በዚሁ ኢንዛይም የሚጣሩ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች በእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ በቂ መጠን ላይ ላይደርሱ ይችላሉ። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚልን ታማሚ አልወሰደውም ብለን ከመጠራጠራችን በፊት ይህንንም እናስብ።

ጥገኛው ያጎደለው

አሁን ወደ ሲስተር ጥያቄ እንመለስ። በአገራችን በስፋት ሲሠራባቸው የቆዩት ፈጣን የወባ መመርመሪያዎች ፋልሲፓረምን የሚለዩት ኤች አር ፒ 2 የተባለውን ፕሮቲኑን በመፈለግ ነው። የዚህ ፕሮቲንና የቅርብ ዘመዱ የኤች አር ፒ 3 ዘረመሎች ሙሉ በሙሉ የጎደሏቸው ጥገኞች እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ ተዘገቡ፤ በኋላም በኤርትራ በብዛት ተገኙ። በኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ድንበር አጠገብ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በዘረመሎቹ መጉደል ምክንያት ከፋልሲፓረም ታማሚዎች ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት በዚህ መመርመሪያ ብቻ ቢታዩ ሊያመልጡ እንደሚችሉ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲቀየር የሚመክረው ይህ አኀዝ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው።

ፕሮቲኑን ያጣ ጥገኛ በራሱ ከሌሎቹ የበረታ አይደለም። ነገር ግን በመመርመሪያው የተገኘው ጥገኛ መድኃኒት ተሰጥቶበት ሲጠፋ፣ ያልተገኘው በታማሚው ደም ውስጥ ይቀመጣል፤ ትንኟም እርሱን ትወስዳለች። ጉድለቱን ወደ ጥቅም የለወጠው የእኛ አሠራር ነው። በማይክሮስኮፕ ብቻ በሚመረመርበት አካባቢ ያው ጉድለት ምንም አይፈይድለትም። ይህ ጥገኛ አርቴሚሲኒንን በከፊል ከሚያስችለው ለውጥ ጋር ሲደረብ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ይህን መሰል ለውጥ ያላቸው ጥገኞች እንዳሉ፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሁለቱንም አጣምረው እንደያዙ አሳይቷል።

ምርጫው ግን ሊገለበጥም ይችላል። ማላዊ ክሎሮኪንን እ.ኤ.አ. በ1993 ለፋልሲፓረም መስጠት አቆመች። መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ጥገኞች ለለውጡ የሚከፍሉት ዋጋ ስለነበር፣ መድኃኒቱ ሲነሣ በሌሎቹ ተቀደሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ሙከራ ክሎሮኪን በዚያች አገር 99 በመቶ ፈዋሽ ሆኖ ተገኘ። በአገራችን ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም መሰጠቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ቢቀርም ለቫይቫክስ አገልግሎት ላይ በመቆየቱ ጫናው እንደ ማላዊ ፈጽሞ አልተነሣም።

በሥልጠናው ማግሥት ከሲስተር ጋር ወደ ጤና ጣቢያቸው ሄደን የመመርመሪያውን ማሸጊያ አነበብን። ለፋልሲፓረም የሚፈልገው ኤች አር ፒ 2ን ብቻ ነበር። ማይክሮስኮፑ በአጠገቡ ባለው ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ አምፖሉ ከተቃጠለ አራት ወር ሆኖታል። አዲሱ አምፖል በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በፈጣን መመርመሪያው ነጻ ተብሎ ትኩሳቱ ያልበረደለት ልጅ ሁሉ ደሙ በስላይድ ላይ ይታያል፤ ሁለቱ ውጤቶች የተለያዩባቸውም ለወረዳው ሪፖርት እንዲደረጉ በአንድ ደብተር ይመዘገባሉ።